በድምፅ የማውቃቸውን ፍለጋ፣ ቁልቁል ወደ ምጽዋ

ያኔ አሥመራ ውስጥ ስልክ የሚደውል ሰው፣ የሚፈልገው እዚያው ከተማ ያለ ሰው ከሆነ ቁጥሩን ራሱ ያዞራል። ከከተማው ውጪ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነበር፤ እኔን ወይም ከጎኔ የተደረደሩትን ልጃገረዶች። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተዘረጋ ባለ ብዙ ቀዳዳ ሰሌዳ ፊት እንቀመጣለን። ትንሿ መብራት ብልጭ ስትል ገመዱን ቀዳዳው ውስጥ እሰካና «ሀሎ፣ አሥመራ» እላለሁ፤ ከዚያ የተፈለገውን ከተማ ጠርቼ ሁለቱን ሰዎች አገናኛለሁ።

«ሀሎ» ማለት የታዘዝነው በቅርቡ ነበር። ከዚያ በፊት ሁላችንም በጣልያንኛ «ፕሮንቶ» ነበር የምንለው። ፌዴሬሽኑ ቀርቶ አገሩ እንደ ሌሎቹ ጠቅላይ ግዛት ከሆነ ወዲህ የመሥሪያ ቤት ሥራ በአማርኛ ሆነ። እኔም የተቀጠርኩት ትምህርት ቤት ሳለሁ አማርኛዬ ጥሩ ስለነበረ ነው። ተቆጣጣሪያችን የሸዋ ሰው ነበሩ፤ ደግ ሰው። እሳቸው ክፍሉ ውስጥ ሲሆኑ በአማርኛ እንሠራለን፤ ሲወጡ ወደ ትግርኛችን እንመለሳለን። ቁጥር ስንጠራ ግን፣ እሳቸው ኖሩም አልኖሩም፣ በጣልያንኛ ነው። ምላሳችን ቁጥርን በሌላ ቋንቋ አልለመደም።

የእኔ ድርሻ የምሥራቁ መስመር ነበር፤ ከአሥመራ ደጋ ቁልቁል ወደ ባሕሩ የሚወርደው። ነፋሲት፣ ጊንዳዕ፣ ምጽዋ። በየከተማው እንደኔ ሰሌዳ ፊት የሚቀመጥ ስልከኛ አለ። ሦስቱንም በድምፅ እንጂ በመልክ አላውቃቸውም።

የነፋሲቱ ወንድ ነው። ድምፁ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ። «አቤት አሥመራ» ሲል ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ይንቀጠቀጣል። ከጎኔ ያሉት ልጆች ተራ ይዘው ያዳምጡት ነበር፤ በሐሳባችንም በር የሚሞላ፣ ሪዛም ሰውዬ አድርገን ሥለነዋል። የጊንዳዕዋ ሴት ናት፤ ሳቂታ ናት፤ ግን ጠባይዋ አይያዝም። «ጠዋት ማር፣ ከሰዓት ኮሶ» እላታለሁ። ጠዋት ስለ አክስቴ ጉልበት ሕመም የነገርኳትን ከሰዓት ባነሣባት «የምን ጉልበት?» ትለኛለች። ከድምፅዋ ጀርባ ዶሮ ይንጫጫል፤ እኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ባለበት በጥር ደግሞ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይሰማል። የምጽዋዋ ከሁሉም ታስፈራኛለች። «ተናገሪ!» ብቻ ነው የምትለው። ከኋላዋ የአየር ማራገቢያ ያጉረመርማል፣ አንዳንዴም መርከብ ይጮኻል።

የመርከቡን ጩኸት የሰማሁ ቀን ምሳዬን ሳልበላ እቀር ነበር። ምን ያህል ቢሆን ነው እንዲህ የሚጮኸው? የት ቆሞ? ወላጆቼ በልጅነቴ ስለሞቱ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ ቤታችን አሥመራ፣ ጸጸራት ሰፈር ነበር፤ ከከተማው በስተምሥራቅ ያለው ገደል ጫፍ ደርሼ ተመልሻለሁ እንጂ ቁልቁል ወርጄ አላውቅም።

አንድ ቀን ተቆጣጣሪው ጠሩኝና፣ «የምጽዋዋ ልትወልድ ነው። እስክትመለስ አንቺ ትተኪያታለሽ» አሉኝ። «እሺ» ያልኩበት ፍጥነት ሳያስገርማቸው አልቀረም፤ ሰው ሁሉ ምጽዋን የሚያውቀው በሙቀቱ ነዋ።

አክስቴ ስትሰማ እጅዋን አናትዋ ላይ ጫነች። አማርኛ አትችልም ነበር፤ እዚህ የምትናገረውን ሁሉ ከትግርኛው የምመልሰው እኔ ነኝ። «እዚያ ሰው እንደ ቅቤ ነው የሚቀልጠው» አለች። ንዳዱን አነሣች፣ መርከበኞቹን አነሣች። በመጨረሻ ግን፣ «እሺ፣ የምታድሪበትን ቤት በዓይኔ አይቼ እመለሳለሁ» አለችና አብራኝ ልትሄድ ወሰነች።

ችግሩ በምን እንሂድ ነበር። ባቡሩ በዋሻ ውስጥ ያልፋል፤ አክስቴ ደግሞ «በሕይወቱ መሬት ውስጥ የሚገባ ሰው የለም» ባይ ናት። አውቶቡስ ያስመልሳታል። ስለዚህ እዚያው ሰፈራችን የሚኖር፣ ግራጫ ማኪና ያለው ሾፌር አነጋገርን። ጠዋት ሰው ይዞ ምጽዋ ይወርዳል፤ ከሰዓት ሌላ ሰው ይዞ ይወጣል። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ቆብ የማይለየው፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ቃሉ አጭር ነው፤ «በጠዋት እንነሣለን፤ ሙቀቱ ሳይበረታ እንደርሳለን። መንገድ ላይ መቆም የለም፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምጽዋ የሚጠብቀኝ መንገደኛ አለ።»

በማግሥቱ ፍራሼን ከኋላው ወንበር ግማሽ ላይ አጠፍነው፤ እኔ ከጎኑ ተሸጎጥኩ፤ አክስቴ ከፊት ተቀመጠች። ከተማው ገና ከእንቅልፉ እየተነሣ ነበር፤ የዳቦ መጋገሪያዎቹ ሽታ መንገዱን ሞልቶታል። ገደሉ ጫፍ ስንደርስ አክስቴ የሾፌሩን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

«ቁም! ቁም!»

ፍሬኑን ረገጠ። «ምን ወደቀ ኣደይ?» አለ፤ አክስቴን እንደ እናት «ኣደይ» ነው የሚላት።

«ምንም አልወደቀም። ደመናው ከእግራችን በታች ነው።»

እውነትዋን ነበር። ከመንገዱ ጠርዝ ጀምሮ እስከ ዓይናችን መጨረሻ የተባዘተ ጥጥ ነበር፤ የተራሮቹ ጫፎች ብቻ እንደ ግመል ሻኛ ብቅ ብቅ ብለዋል። አክስቴ ሳትጠይቅ በሩን ከፍታ ወረደች። እኔም ተከተልኩ። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት፣ «ማኪና ውስጥ ሆነውም ይታያል እኮ» አለ። አክስቴ አንድ ድንጋይ አንሥታ ደመናው ውስጥ ወረወረችና ድምፅ ይሰማ እንደሆነ አዳመጠች።

እስከዚያ ሰዓት ድረስ የልቤን ለመናገር ደፋር አልነበርኩም። አሁን ግን አንድ ጊዜ ቆመናል፤ አንዴ የቆመ እንደገና ሊቆም ይችላል። ወደ ማኪናው ስንመለስ፣ «ኣያ፣ ነፋሲት ላይም ትንሽ ብንቆምስ?» አልኩ።

«ነፋሲት ምን አለ?»

«አንድ ሰውዬ አለ።»

አክስቴ ቀስ ብላ መላ አካልዋን ወደ ኋላ አዞረች።

«የምን ሰውዬ?»

«የስልክ ሰውዬ። በየቀኑ የማወራው። አይቼው አላውቅም።»

«በየቀኑ የምታወሪው! አይተሽው የማታውቂው!» አለች አክስቴ። ሾፌሩ ሳቁን ዋጠና ቆቡን አስተካከለ። ሥራዬ መሆኑን፣ ድምፁ ከበሮ እንደሚመስል፣ ፊቱን የማየት ጉጉት ብቻ እንደያዘኝ እየተንተባተብኩ አስረዳሁ።

ሾፌሩ፣ «እንግዲያው ጊንዳዕም ሰው አለሽ በይኛ» አለ።

«እወ፣ አለኝ። ግን ሴት ናት።»

«ተመስገን» አለች አክስቴ። ጥቂት ኩርባ ካለፍን በኋላ ግን ሐሳብዋን ለወጠች መሰለኝ። «ከበሮ ነው ያልሽው? እኔም ልየው» አለች። ሾፌሩ አንድ ለሁለት ሆኖ ቀረ። «እሺ፣ ግን ሞተሩን አላጠፋም» አለ።

ነፋሲት ስንደርስ ደመናው ከላያችን ሆኗል። አናቱ ላይ ገዳም ያለበት ተራራ ግማሹ በጉም ተሸፍኖ ቁልቁል ያየናል፤ አክስቴ አማተበች። የስልኩ ቢሮ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለች አንድ ክፍል ናት። መስኮትዋ ክፍት ነበር። ጠጋ ብዬ ወደ ውስጥ አየሁ። ሰሌዳው ፊት፣ እግሮቹ ወለል ለመንካት ትንሽ የቀራቸው፣ ቀጭን፣ አጭር ሰው ተቀምጦ ዳቦ ሻሂ ውስጥ ያጠልቃል። ሪዝም የለውም። ተላላኪ መሰለኝ። የስልከኛውን መምጣት ልጠብቅ ወይስ ልጠይቅ ስል ምላሴ ቀደመኝና፣ በሥራ ላይ እንደምጠራው አድርጌ፣ «ነፋሲት፣ ነፋሲት፣ አሥመራ ናት» አልኩ።

ሰውዬው ዳቦውን ጥሎ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋ፤ ለሰሌዳው፣ «አቤት አሥመራ! ነፋሲት ነኝ!» አለ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ያ ሁሉ ድምፅ ከየት እንደሚወጣ ለማየት አክስቴ ትከሻዬን ገፍታ አንገትዋን አስገባች።

«እዚህ ነኝ» አልኩት። «መስኮቱ ላይ።»

ዞረ። አፉን ከፍቶ አየኝ። ማዳመጫውን አወለቀ፣ መልሶ ደፋው፣ እንደገና አወለቀው። «ውሸት» አለ። «አሥመራ ትልቅ ሴትዮ ናት። ወፍራም። የወርቅ ጥርስ ያላት።»

«ነፋሲትም በር የሚሞላ፣ ሪዛም ሰውዬ ነበር» አልኩት።

ሁለታችንም እንደ ልጅ ሳቅን። ሻሂ ቀዳልን። በመስኮቱ የሚያየውን ሁሉ አሳየን፤ ሁልጊዜ «ባቡርዋ አሁን አለፈች» የሚለኝ ከየት ሆኖ እንደሆነ፣ «ጉሙ ወረደብን» ሲል የትኛው ተራራ እንደሚጠፋበት። እኔ በሐሳቤ እነዚያን ነገሮች ሁሉ በሌላ ቦታ አስቀምጫቸው ነበር፤ ባቡሩን ከቢሮው ራቅ፣ ተራራውን ዝቅ አድርጌ። አንድ በአንድ እያነሣሁ ወደ ቦታቸው መለስኳቸው። ከዚያ ድምፁን ሊቀንስ እየሞከረ፣ ግን መቀነስ ስለማይችልበት አክስቴ ሁሉንም እየሰማች፣ «ጊንዳዕ ትቆማላችሁ?» አለኝ።

«እንቆማለን።»

«እኔ አይቻት አላውቅም። ሰሌዳውን የሚይዝልኝ ሰው የለኝም። አይተሽ ንገሪኝ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም» አለና ጆሮው ቀላ። «ቁመትዋን… የምትስቅበትን አኳኋን።»

እነግርሃለሁ አልኩት፤ በምላሹ መምጣታችንን እንዳይነግራት አስማልኩት። ወደ ገዳሙ አሻቅቦ እያየ ማለ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ።

ከነፋሲት በኋላ አገሩ ተለወጠ። ገደሉ አረንጓዴ ለበሰ፤ ከመንገዱ ጠርዝ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው እንደ ገበያተኛ አዩን። በተቃራኒው ተራራ ባቡሩ ከጎናችን ሲወርድ አክስቴ ዓይንዋን አልነቀለችም። ዋሻ ውስጥ ሲገባ፣ «ይኸው ዋጣቸው!» አለች፤ በሌላው በኩል ሲወጣ ደግሞ፣ «ዋእ! ተፋቸው!» ብላ አጨበጨበች። እምባትካላ ላይ ሾፌሩ ፍሬኑ እንዲቀዘቅዝለት ራሱ ቆመ፤ እዚያው ዝናብ ጀመረን። አክስቴ መዳፍዋን በመስኮት አውጥታ ጠብታውን ተቀበለች። «በጥር!» አለች። ጊንዳዕ በጥር ይዘንባል ስላት ሁልጊዜ «የነገረሽ ሰው ቀጣፊ ነው» ትለኝ ነበር። አሁን እጅዋን አሸተተችው።

ጊንዳዕ የስልኩ ቢሮ በር ላይ አንዲት ወጣት ቆማለች። ፀጉርዋ አዲስ የተሠራ፣ የበዓል ቀሚስ የለበሰች፤ ዝናቡ እግርዋን እየመታት ወደ መንገዱ ትመለከታለች። ማኪናው ሲቆም ሳቀች። ያንን ሳቅ የትም ቢሆን አውቀዋለሁ።

«ነገረሽ!» አልኳት እየወረድኩ። «ገዳሙን ጠርቶ ምሎልኝ ነበር!»

«ማንም አልነገረኝም፣ ሓፍተይ፣ እህቴ። ምጽዋ ስትወርጂ ሳትቆሚ አታልፊም ብዬ ነው» አለች፤ እየሳቀች ተጠመጠመችብኝ። እርጥብ ነበረች፤ የመንደሪን ልጣጭ ትሸታለች። እንደተቃቀፍን ሳለን ከውስጥ፣ ከክፍሉ፣ ያው ድምፅ፣ «ሀሎ፣ ጊንዳዕ!» ሲል ሰማሁ።

ያቀፍኳት ልጅ አፍ ትከሻዬ ላይ ነው፤ አልተናገረችም። ድምፁ ግን የእርሷ ነው፤ ሁለት ዓመት የሰማሁት፣ አጨራረሱ ትንሽ የሚቀጥነው። አክስቴ እኔን አየች፣ በሩን አየች፤ «ይህቺ ማን ናት?» አለች።

ልጅቱ እጄን ይዛ አስገባችኝ። ሰሌዳው ፊት ሌላ ሴት ተቀምጣለች፤ በዕድሜ ከፍ ያለች፣ ሕፃን ያዘለች፣ ፊትዋ የተኮሳተረ። ገመዱን ሰካች፣ አገናኘች፣ ከዚያ ዞር ብላ፣ «ይኸውልሽ። ኮሶዋ እኔ ነኝ» አለችኝ።

እህትማማቾች ነበሩ። የተቀጠረችው ታላቅቱ ናት። ልጅ ስትወልድ ግን ጠዋት ጠዋት ሕፃኑን የሚይዝላት አጣች፤ ሥራውን ብትተው ደግሞ ቤታቸው የሚተዳደረው በዚያው ነው። ታናሽቱ አጠገብዋ ተቀምጣ ስታይ ሥራውን ለምዳው ነበር። እናም ጠዋት ታናሽቱ፣ ከሰዓት ታላቅቱ እየተቀመጡ መሥሪያ ቤቱ ያለችው አንዲት ስልከኛ ብቻ እንደሆነች እንዳመነ ቀረ። በየማታው የሰሙትን ይነጋገሩ ነበር፤ አንዳንዱ ግን ይረሳል። የአክስቴ ጉልበት ከተረሱት አንዱ ነው። ያን ዕለት ግን ታናሽቱ ደጅ ልትጠብቀኝ ስለፈለገች ተራቸውን ተለዋውጠዋል።

«‹ትናንት ከሰዓት ምን ነክቶሽ ነበር?› ስልሽ ለዚህ ነበር የምትስቂው!» አልኳት ታናሽቱን።

«ምን ልበልሽ?» አለች።

ታላቅቱ እጅዋን ጉልበትዋ ላይ አድርጋ፣ በአማርኛ፣ እንደ መሥሪያ ቤት፣ «ለተቆጣጣሪው ትናገሪያለሽ?» አለችኝ። ቀልድ አልነበረም። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። «ኣይፋልን» አልኳት፤ «በፍጹም።» ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቅዋም ያው ነበር።

አክስቴ ግን አላመነችም። ሁለት ሰው አንድ ድምፅ ሊኖረው አይችልም አለች። ሁለቱንም ከመጋረጃ ጀርባ አስገብታ፣ እኔን ከወዲህ አስቀምጣ፣ ተራ በተራ «ሀሎ» ታሰኛቸው ጀመር። ገመትኩ፤ ሳትኩ። እንደገና ገመትኩ፤ ሳትኩ። ሾፌሩ «እንሂድ እንጂ!» ሊል ገባ። አክስቴ፣ «ና ወደይ፣ ልጄ፣ አንተ ደግሞ ሞክር» ብላ አስቀመጠችው። ሳተ። «አንዴ ብቻ ልድገም» አለ። ሲደግም ሳተ። ቆቡን አውልቆ ጆሮውን በሁለት እጁ ከበበና ዓይኑን ጨፈነ። ሰሌዳው ላይ መብራት ብልጭ ሲል ታላቅቱ ከመጋረጃው ወጥታ ሮጠች፤ ጨዋታው እንዲሁ ተበተነ እንጂ እሱ የሚነሣ አይመስልም ነበር። ሞተሩ ውጪ ያለማቋረጥ ይንዶቆዶቃል፤ ወጥቶ አጠፋው።

መንደሪን በላን። ታናሽቱ ስትልጥልኝ ቀስ ብላ፣ «መርከቡ ሲጮኽ ይሰማሻል?» አለችኝ።

«ይሰማኛል። ምሳ እንኳ አላስበላ ይለኛል።»

«እኔም። ከምጽዋ በኩል ሲመጣ ገመዱን ሳልነቅል እቆያለሁ። አይቼው ግን አላውቅም። ባሕሩንም።»

አክስቴ ሰማች። «ታዲያ ሁለት አይደላችሁም እንዴ?» አለች። «አንዷ ትቀመጥ፣ አንዷ ትሂድ።»

ማንም አላሰበውም ነበር። ታላቅቱ እህትዋን አየች፣ የበዓል ቀሚስዋን አየች፤ «ሂጂ። ዛሬ ቀኑን እኔ እይዘዋለሁ» አለች። ከዚያ ሁላችንም ሾፌሩን አየን። እሱ ከተሳፋሪው ቀጠሮ ጋር ትንሽ ታገለ መሰለኝ። «ስመለስ እዚህ አወርዳታለሁ» አለ በመጨረሻ፤ ምንም ሳይጨምር ወጣና ፍራሼን ከወንበሩ አንሥቶ ጣሪያው ላይ በሸራ ጠቅልሎ አሠረው።

ከጊንዳዕ በታች ዝናቡ በመጋረጃ የተቆረጠ ያህል ቆመ። ምድሩ ተዘረጋ፤ ሙቀቱ በመስኮት እንደ ምድጃ ትንፋሽ ገባ። አክስቴ መጀመሪያ ነጠላዋን፣ ከዚያ ሻሽዋን፣ በመጨረሻ ጫማዋን አወለቀች። ግመሎች በእሾህ ዛፍ ሥር ተኝተዋል። ዶጋሊ ድልድዩ ላይ ፖሊሶች አስቆሙንና አንዱ ጣሪያው ላይ ያለውን እያየ፣ «ወዴት ነው?» አለ።

«ባሕር ልናይ» አለች ታናሽቱ ሁላችንንም ቀድማ።

«ፍራሽ ይዛችሁ?» አለ ፖሊሱ፤ ሳቀና አሳለፈን።

ባሕሩን ያየሁት መጀመሪያ እንደ ባሕር አልነበረም። ከአድማሱ ሥር አንድ የሚያብረቀርቅ መስመር አየሁና የቆርቆሮ ቤት መሰለኝ። ቀስ በቀስ መስመሩ ወፈረ፤ ከዚያ በግራም በቀኝም ሆነ። የምጽዋን ደሴት ከየብስ የሚያገናኘው ረጅም መንገድ ላይ ሾፌሩ ማንም ሳይለምነው ማኪናውን ወደ ዳር አወጣ። አክስቴ አንገትዋን በመስኮት አወጣች፤ «ይህን ሁሉ ውሃ ማን ይጠጣዋል?»

«አይጠጣም እኮ፣ ጨው ነው» አልኳት።

አላመነችኝም። በድንጋዮቹ ላይ ታናሽቱን ተደግፋ ወረደች፤ በመዳፍዋ ጨልፋ አፍዋ ውስጥ አደረገች፤ ፊትዋ ተጨማደደ፤ እና፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ደግማ ጨለፈች። ታናሽቱ ቀሚስዋን ሰብስባ እስከ ጉልበትዋ ገባች። ወደቡ ላይ መርከብ ቆሟል፤ እኔ ካሰብኩት ያነሰ፣ ዝገት የበላው። ጩኸቱ ግን ያው ነበር፤ ሲጮኽ ሆዳችን ውስጥ ገባ። ታናሽቱ ጆሮዎችዋን ይዛ ጮኸችለት። ሾፌሩ ከእኛ ራቅ ብሎ ሱሪውን ጠቅልሎ ቆሟል። በየቀኑ የሚመጣበት አገር ነው፤ «ስንት ጊዜ ገብተህበታል?» ብላ አክስቴ ስትጠይቀው ግን፣ «የዛሬው መጀመሪያዬ ነው፣ ኣደይ። ሰው አውርጄ ሰው ጭኜ ነው የምመለሰው» አለ።

ስልክ ቢሮው ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። የምጽዋዋ ሴት ሆድዋ እስከ አፍንጫዋ ደርሷል፤ እግርዋን ሳፋ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ማራገቢያው ፊት ተቀምጣለች። ከመግባቴ፣ «ጠዋት ነበር የምጠብቅሽ!» አለች፤ ጮክ ብላ። ደነገጥኩ። ከዚያ እጅዋን ዘርግታ ማራገቢያውን አጠፋችውና በለሰለሰ ድምፅ፣ «እንኳን በደኅና መጣሽ። ይህ ነገር ሲዞር ራሴንም አልሰማም» አለችኝ። ቀዝቃዛ ውሃ ከእንስራ ቀዳችልን። ሁለት ዓመት የፈራኋት ሴት የምትጮኸው ለማራገቢያው ኖሯል።

ታናሽቱ ጊንዳዕን እንድትጠራ ፈቀደችላት። ማዳመጫውን በሁለታችን ጆሮ መሐል ያዝነው፤ ታላቅቱ ወዲያው መለሰች፤ «አየሽው? ምን ያህላል?»

«እንዴት ብዬ ልንገርሽ…» አለችና ታናሽቱ በደስታ መሳቅ ጀመረች፤ ያኛይቱም ሳቀች። በዚህ መሐል ያ ከበሮ መስመሩ ውስጥ ገባ፤ «አሥመራ! ደረስሽ? እንግዲህ ንገሪኝ፣ ምን ትመስላለች?»

ሁለቱም እህትማማቾች ገመዱ ላይ ናቸው። ታናሽቱ ዓይንዋን አፍጥጣ አየችኝ። ለእሱ ልነግረው፣ ለእነሱ ላልናገር ቃል ገብቻለሁ።

«ራስህ ወርደህ እያት» አልኩት።

ሁለቱ ሳቆች እኩል ፈነዱ፤ አንዱ ከጊንዳዕ፣ አንዱ ከጎኔ። ነፋሲትም፣ «ጊንዳዕ፣ መስመርሽ ያስተጋባል፤ ጥገና ጥሪ» አለ።

የሾፌሩ መንገደኛ ጠብቆ ጠብቆ በአውቶቡስ ሄዷል። እሱ አልተቆጣም፤ ወደብ አካባቢ በምድጃ የሚጠበስ ዓሣ ጋበዘን። አክስቴ ዓሣውን አዙራ አዙራ አየችና፣ «ዓይኑን ካላነሣችሁልኝ አልበላም» አለች። ዓይኑን አነሣንላት፤ ጨረሰችው። የማድርበትን ክፍል አየች፤ አልጋውን ጫን ጫን አድርጋ ፈተነች፤ የቤቱን ባለቤት ሴትዮ በትግርኛ ብዙ አስጠነቀቀቻት፤ እሷ በዓረብኛ ብዙ መለሰችላት፤ ተስማሙ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አክስቴ፣ ታናሽቱና ሾፌሩ ወደ ደጋው ወጡ። አክስቴ ጭንዋ ላይ በጠርሙስ የባሕር ውሃ ይዛ ነበር፤ ለጎረቤት የምታስቀምሰው።

ምጽዋ ወራት ቆየሁ። ነፋሲት በፋሲካ ሰሞን ተተኪ አግኝቶ እውነትም ጊንዳዕ ወረደ፤ ሁለቱንም አየ፤ ሳልነግረው በመቅረቴ ለሳምንታት በደረቁ «አቤት አሥመራ» ብቻ አለኝ፤ ምጽዋ እንዳለሁ እያወቀ። ምሥጢሩን ግን እሱም ጠበቀ። ታናሽቱን እንደወደዳት ሁላችን አወቅን፤ እሷም አወቀች። እሷ ግን የፈለገችው ሌላ ነበር፤ በየሳምንቱ መጨረሻ እየወረደች ከእኔ ጋር ሰሌዳው ላይ ተቀመጠች፤ በኋላም በራስዋ ስም ምጽዋ ተቀጠረች። በዚያ መንገድ እንደዚያ ቀን እየቆሙ መሄድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የማይታሰብ ሆነ፤ ማኪና ሁሉ በወታደር ታጅቦ፣ መስኮቱን ዘግቶ የሚያልፍበት ጊዜ መጣ። ያኔ ግን ያንን አናውቅም።

አሥመራ ተመልሼ ሥራዬን ከያዝኩ በኋላ፣ በቀጣዩ ጥር፣ አንድ ጠዋት የነፋሲት መብራት ብልጭ አለ። ሰካሁ።

«አሥመራ፣ አክስትሽ እዚህ ናቸው» አለኝ።

«የት?»

«ቢሮዬ ውስጥ። የማኅበራቸውን ሴቶች ሰብስበው መጥተዋል፤ መቀመጫ አልቆብኛል። ያ ሾፌርም አብሯቸው ነው። ‹የባሕሩን ውሃ ባስቀምሳቸው ጨው በጥብጠሽ ነው አሉኝ፤ ወስጄ አሳያቸዋለሁ› ይላሉ። ግን መጀመሪያ…» ድምፁ ራቀ፤ ከኋላው የሴቶች ጫጫታ፣ የብርጭቆ ኳኳታ ተሰማ። «መጀመሪያ እኔ ‹አቤት› ስል እንዲሰሙ ይፈልጋሉ። አንቺ በዚያ በኩል ‹ጥሪው› ይሉሻል።»

ከጎኔ ያሉት ልጆች ወደ እኔ ዞሩ። ተቆጣጣሪው በሩ አጠገብ ቆመው ወረቀት ያያሉ።

«ነፋሲት፣ ነፋሲት» አልኩ ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ፣ «አሥመራ ናት።»